የድሮ ርዕሰ ዜናዎች ቃላቸውን ቢጠብቁ ኖሮ!

(ከዩለስ፣ ቴክሳስ)

ሰው ከአገሩ ሲወጣ በርበሬና ሽሮ ያሽጋል፤ እኔ ጋዜጣ አሸግኩ። ሻንጣው ቡናማ ነው። ዛሬም ድረስ አፓርታማችን ውስጥ፣ ቁም ሣጥኑ ሥር ተቀምጧል። ባለቤቴ ስለዚህ ሻንጣ ያላትን አስተያየት ባለፉት ዓመታት በተደጋጋሚ አሰምታኛለች። «ሽሮ ቢሆን ኖሮ እስካሁን በልተነው በተገላገልን!» ትላለች። እውነቷን ነው። ጋዜጣ አይበላም፤ ምንም እንኳ እኔ ለአሥራ አምስት ዓመት እንጀራ የበላሁበት ቢሆንም።

ዩለስን የማታውቁ አንባቢያን ብትኖሩ አይፈረድባችሁም። በዳላስና በፎርት ዎርዝ መካከል የምትገኝ ትንሽ ከተማ ነች። ትልቁ አውሮፕላን ማረፊያ ከፊሉ በእሷው ክልል ውስጥ ስለሚገኝ፣ እዚህ ሰው ሲያወራ አውሮፕላን እስኪያልፍ ድረስ ዓረፍተ ነገሩን በአፉ ይዞ መጠበቅ ለምዷል። ማረፊያው የተከፈተው በጥር 1966 ዓ.ም. ነው፤ አገራችን ውስጥ አብዮቱ ከመፈንዳቱ ከአንድ ወር በፊት መሆኑ ነው። እኛ በዚያ ሰሞን ንጉሥ አወረድን፤ እነሱ አውሮፕላን አወረዱ። ዞሮ ዞሮ ብዙዎቻችን የተገናኘነው እዚሁ አስፋልት ላይ ነው፤ አንዳንዱ ተሳፋሪ ሆኖ፣ አንዳንዱ ታክሲ ነጂ፣ አንዳንዱ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ሆኖ። እኔ ለስምንት ዓመት ከመጨረሻዎቹ ነበርኩ።

ወደ ሻንጣው ልመለስ። ውስጡ ያሉት ርዕሰ ዜናዎችና የመጀመሪያ አንቀጾቻቸው ብቻ ናቸው። ቀሪውን ቆርጬ ጥዬዋለሁ። በመንግሥት ጋዜጣ ቤት የሠራ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል፤ የመጀመሪያውን አንቀጽ ያነበበ ሰው ቀሪውን አንብቦ የሚያተርፈው ነገር አልነበረም። የንጉሡና የደርጉ ዘመን ቁራጮች ወደ ቆሻሻ ሊሄዱ ሲሉ ያዳንኳቸው ናቸው። የቀሩት ከ1985 እስከ 2000 ዓ.ም. በእኔው እጅ ያለፉ ናቸው።

አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጄ የአማርኛ ንባብ መለማመጃ አለቀባት። የልጆች ተረት ሰለቻት፣ መጽሐፍ ደግሞ ከበዳት። ታዲያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት «እስኪ ይህንን ሞክሪ» ብዬ ከሻንጣው አንድ ቁራጭ ሰጠኋት። ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች አነበበች። አንድ ባለሥልጣን በአንድ ወረዳ ለሚሠራ ጤና ጣቢያ የመሠረት ድንጋይ ማኖራቸውን የሚገልጽ ነበር። ጨረሰችና ቀና ብላ «ከዚያስ አባዬ?» አለችኝ።

«ከዚያማ ድንጋዩ ተቀመጠ።»

«ጤና ጣቢያውስ?»

«ጤና ጣቢያው ዜናው ውስጥ የለም።»

የአዘጋጅነት ዘመኔን በሙሉ ይህንን «ከዚያስ?» የሚል ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አለቆቼም፣ አንባቢም፣ እኔም ራሴን። ቡና እየተፈላ ስለነበር ነገሩ ወደ ጨዋታ ተለወጠ። እሷ ርዕሱን ታነባለች፤ እኛ ርዕሱ ቃሉን ጠብቆ ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር እንናገራለን።

በመሠረት ድንጋዩ ጀመርን። በሦስቱም መንግሥታት የተጣለው የመሠረት ድንጋይ ሁሉ ሕንፃ ሆኖ በቅሎ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ በየወረዳው ሁለት ሆስፒታል፣ አንድ ኮሌጅና አንድ ስታዲየም ይኖር ነበር። በሽተኛ ከመጥፋቱ የተነሳ ሐኪሞች መንገድ ዳር ቆመው «ጌታዬ፣ ትንሽ ራስ ምታት እንኳ የለብዎትም?» እያሉ አላፊ አግዳሚውን ይለማመጡት ነበር። በልጅነቴ ሰሜን ሸዋ፣ እኛ መንደር ዳር አንድ እንዲህ ያለ ድንጋይ ነበር። እረኞች ገበጣ ይጫወቱበት ነበር። ፍትሐዊ ለመሆን፣ ለገበጣ የሚመች ድንጋይ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ርዕስ ሳይሆን የጋዜጣ ስም ነው። «አዲስ ዘመን» የመጀመሪያ ዕትሙ የወጣው ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ስሙም የተወሰደው ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ በገቡ ዕለት፣ የአዲስ ዘመን መጀመሪያ መሆኑን ከተናገሩት ቃል ነው። ጥሩ ስም ነው። ግን ቃል በቃል እንውሰደው ካልን፣ ጋዜጣው በወጣ ቁጥር ዘመን ይለወጣል ማለት ነው። በየማለዳው እንቁጣጣሽ! ልጃገረዶች በየቀኑ አደይ አበባ ይዘው በር ያንኳኳሉ፣ አባወራው በየቀኑ ዶሮ ይገዛል። ባለቤቴ ሒሳቡን ሠርታ፣ የአገሪቱ ዶሮ ከ1934 ዓ.ም. እንደማያልፍ ነገረችን።

«ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚለውን ልጄ ወደደችው። ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ በእርግጥ ቀድማ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ጀርባዋን እንኳ ማየት ባልተቻለ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የፓስፖርት ሰልፍ ሲጠራ «ኢትዮጵያውያን ይቅደሙ!» ይባል ነበር። በእርግጥ አሁንም አንዳንዴ እንጠራለን፤ ለብቻ፣ ወደ ሌላ ክፍል። የመፈክሩ ሁለተኛ ክፍል «ያለ ምንም ደም» የሚል ነበር። ያንን ስታነብብ «ከዚያስ?» እንዳትለኝ ቶሎ ወረቀቱን ቀየርኩት። ያ ቃል ተጠብቆ ቢሆን ኖሮ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፣ ጠቅላይ ሚኒስትሮቹ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን እንደ ማንኛውም ሰው ተኝተው ባደሩ።

እዚህ ላይ አንድ የሙያ ነገር ጣል ላድርግ። የመንግሥት ጋዜጣ አማርኛ የራሱ ሰዋስው አለው። ዋና ግሡ «ተገለጸ» ነው። ማን ገለጸ? አይታወቅም። «ተጠቆመ»፣ «ተመለከተ»፣ «ተረጋገጠ»፤ ሁሉም ባለቤት የሌላቸው ወላጅ አልባ ግሦች ናቸው። ነገሩ የተሳሳተ እንደሆነ የሚጠየቅ ሰው አይኖርም፤ ራሱ በራሱ ነው የተገለጸው! ሌላው ደግሞ «ሊ» የምትባለዋ ፊደል ነች። «ሊገነባ ነው»፣ «ሊጀመር ነው»፣ «ሊስፋፋ ነው»። በእኔ ግምት ከአገራችን ልማት ግማሹ የተሠራው በዚህች አንዲት ፊደል ነው። የሲሚንቶ ወጪ የላትም፣ የውጭ ምንዛሪ አትፈልግ። ሦስተኛው «80 በመቶ ተጠናቀቀ» ነው። አንድ ሥራ 80 በመቶ ላይ ከደረሰ በኋላ እንደ ሽማግሌ አረፍ ይላል፤ በሚቀጥለውም ዓመት 80፣ በሚቀጥለውም 80።

የደርግ ዘመን የምርት ርዕሶችን በስልኳ ካልኩሌተር ሠራናቸው። እንበልና በየዓመቱ ምርት በ20 በመቶ ጨመረ የሚለው ዓይነት ዜና በአሥራ ሰባቱም ዓመት እውነት ነው። በሄክታር 10 ኩንታል ያመርት የነበረ ገበሬ በመጨረሻው ዓመት ከ220 ኩንታል በላይ ያስገባል። ጎተራ አይበቃም። ደብረ ብርሃን ላይ ሰው በገብስ ውስጥ እየዋኘ ገበያ ይወጣል። የእርሻ ሰብል ግብይት ድርጅት ኮታ መሰብሰቡን ትቶ፣ ገበሬውን «እባክህ ዘንድሮ አትዝራ» እያለ ይማጸናል።

ከሁሉም የሳቅንበት ግን «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን» የሚለው ነው። የእኔ ዘመን ሰዎች ታስታውሱታላችሁ፤ በየአደባባዩ ተሰቅሎ ነበር። ተፈጥሮ በቁጥጥር ሥር ውላ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የምትወሰደው ቀበሌ ነበር። ደመና የይለፍ ወረቀት ሳይዝ ከወረዳ ወረዳ ሊዘዋወር አይችልም፤ ኬላ ላይ «ከየት ነህ? ማን ላከህ?» ይባላል። ዝናብ በቀበሌ ሱቅ በራሽን ይታደላል። ጨረቃ ሮንድ ትወጣለች። ፀሐይ ሰኞ ሰኞ የውይይት ክበብ ስላለባት አርፍዳ ትወጣለች። «አባዬ፣ ይህን ማን አመነው?» አለችኝ ልጄ። ማንም አላመነውም። ነገር ግን ሁላችንም ሥሩ ተሰልፈን አልፈናል።

እኔ ራሴ ካለፉት አንዱ ነኝ። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበርና ኢሠፓ ሲቋቋም የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አዲስ አበባ አጎቴ ዘንድ እማር ነበር። ለሰልፉ ልምምድ ስንት ቀን ፀሐይ ላይ እንደቆምን አልረሳውም። ቅስቶች ቆመዋል፣ መብራቶች ተሰቅለዋል፣ ከተማው ቀይ ቀለም ጠጥቷል። በዚያው ወር ወሎና ትግራይ ውስጥ ሰው በሺህ እየሞተ ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ከወራት በፊት ለለጋሾች አስጠንቅቆ ነበር፤ ጋዜጦቹ ግን በዓሉን ነበር የሚያወሩት። ዓለም ያወቀው ጥቅምት 13 ቀን፣ መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸውን ፊልም ቢቢሲ በማይክል በርክ ዘገባ ሲያሳይ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊትም በወሎ ረሃብ ጊዜ ልክ እንዲሁ ሆኗል፤ ያን ጊዜም የነገረን የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ዮናታን ዲምብልቢ ነበር። ሁለት ጊዜ፣ በሁለት መንግሥት፣ ረሃባችንን ከባዕድ ሰማን።

ታዲያ ጨዋታውን ገልብጬ ልጄን ጠየቅኋት። «ያልተጻፈ ርዕስ ቢሆንስ? በነሐሴ 1976 ዓ.ም. ‘ኮረም ላይ ሰው እያለቀ ነው’ የሚል አንድ ርዕስ በፊት ገጽ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል ነበር?» የሚያስቅ መልስ ጠብቄ ነበር።

«ሰው እህል ይልክ ነበር» አለች።

ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ ስለነበር ባለቤቴ ነገሩን አቀለለችው። «ተደመሰሱ» የሚሉትን አውጣቸው አለችኝ። በጦርነቱ ዘመን «ወንበዴዎች» በየጊዜው ሲደመሰሱ የሚገልጹት ማለቷ ነው። እነዚያን ሁሉ ድምሰሳዎች ብትደምሯቸው በረሃ ውስጥ አንድም ሰው አይተርፍም። እንግዲህ ርዕሶቹ እውነት ከሆኑ፣ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የሙታን መንፈስ ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሃያ ሰባት ዓመት የገዛንም እሱው ነው! አንድ በሳል የፊደል ለቃሚ፣ እኔ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እንዳጫወቱኝ፣ በዚያ ሳምንት ለእሳቸው የተለወጠው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ወንበዴ» የነበረው ቦታ ላይ «ታጋይ» ገባ። የመስመሩ ርዝመትም እምብዛም አልተቀየረም አሉኝ።

በእኔ ዘመን ያለፉትን ርዕሶች ከዚህ በፍጥነት ማለፍ እወድ ነበር፤ ግን አይሆንም። አቶ መለስ በአሥር ዓመት ውስጥ ኢትዮጵያውያን በቀን ሦስት ጊዜ እንዲበሉ ተስፋ ማድረጋቸው ሲነገር፣ ርዕስ አድርገን ያልጻፍነው አልነበርንም። ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚቸገረው ቤተ ክህነት ነበር፤ ዓመቱን ግማሽ የሚጾም ሕዝብ ሦስቱን ማዕድ በየትኛው ሰዓት ሊያስገባው ነው? በአሥረኛው ዓመት ገደማ፣ በ1995 ዓ.ም.፣ እርዳታ የሚፈልገው ሕዝብ ከ13 ሚሊዮን በላይ ነበር። በዚያው ሰሞን የውሃ ማቆር ዘመቻ መጣ፤ በየገበሬው ጓሮ ኩሬ ተቆፈረ። እኛም ኩሬ ቆጠርን። ኩሬው ሁሉ ውሃ ይዞ ቢሆን ኖሮ የባሕር በር ጥያቄ ባልተነሳ፣ ባሕር ኃይላችንም ጎጃም ላይ በሰፈረ ነበር። ብዙዎቹ ውሃ አልያዙም፤ ከያዙት የተጠቀመችው ትንኝ ነች።

ሻንጣውን ከዘጋሁ በኋላ የወጡትን ከዚሁ ሆኜ በኮምፒውተር ነው የማነበው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ዓመት የእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ስኳርን በዓመት ወደ 22.5 ሚሊዮን ኩንታል ሊያደርስ ነበር። አሁንም ካልኩሌተር! ሕዝቡ ወደ 90 ሚሊዮን ነው እንበል፤ ለአንድ ሰው 25 ኪሎ ይደርሳል። በስኒ ሁለት ማንኪያ ብንጨምር፣ የሚጠባ ሕፃን ጭምር በቀን ከስምንት ስኒ በላይ ቡና ካልጠጣ ስኳሩ አያልቅም። አገሩ በሙሉ እንቅልፍ አጥቶ ዓይኑን አፍጥጦ ያድር ነበር። የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ እናቶቻችን ለጥቂት ኪሎ ስኳር የሸማቾች ማኅበር በር ላይ ተሰለፉ።

አድልዎ እንዳይሆንብኝ፣ ቃላቸውን የጠበቁም አሉ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ስለ ዓባይ ግድብ መጀመር የተጻፈው ርዕስ፣ ቀኑን ቢስትም፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የአምስት ዓመቱ ሥራ አሥራ አራት ፈጀ እንጂ፣ ድንጋዩ ድንጋይ ሆኖ አልቀረም። በሌላ በኩል ደግሞ ኅዳር 19 ቀን 2013 ዓ.ም. መቀሌ ስትያዝ ዘመቻው መጠናቀቁ ተነገረን። «ተጠናቀቀ» የሚለው ቃል ትርጉሙን ጠብቆ ቢሆን ኖሮ፣ እስከ ፕሪቶሪያው ስምምነት፣ እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ድረስ የሞቱት ሰዎች ሁሉ ዛሬ በቤታቸው በሆኑ። ይህንን ለልጄ አላነበብኩላትም።

አሜሪካኖቹም አንድ የታወቀ ስሕተት አላቸው። በ1948 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ትሪቢዩን፣ ቆጠራው ሳያልቅ ዱዊ ትሩማንን አሸነፈ ብሎ አወጣ። አሸናፊው ትሩማን ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ይዞ እየሳቀ ፎቶ ተነሳ። ልጄ ይህን ትምህርት ቤት ተምራው ኖሮ «እንደ እናንተው ነዋ!» አለች። አይደለም ልጄ። እነሱ ተቻኩለው ተሳሳቱ። እኛ አልተቻኮልንም፤ ሌሊቱን ሙሉ አስበንበት ነው። ትሩማንም ጋዜጣውን ይዞ የሳቀው በሕይወት ስላለ ነው።

ከዚያ ከሻንጣው ራሷ አንዱን መዝዛ አወጣች። ገና ሳየው አወቅሁት። ጥቅምት 1998 ዓ.ም. ነው። ከግንቦት 7ቱ ምርጫ በኋላ፣ ሰኔ 1 ቀንና እንደገና ከጥቅምት 22 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ጥይት የተተኮሰበት ጊዜ። በኋላ አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ሰው መገደሉን አረጋግጧል። በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች ከየቤታቸው ተለቅመው ወደ ካምፕ ተወስደዋል። በዚያ ሌሊት ተረኛ አዘጋጅ እኔ ነበርኩ። ከላይ ተደወለ፤ ርዕሱም በስልክ ተነገረኝ። ከተማዋ ወደ ሰላማዊ እንቅስቃሴዋ ተመለሰች፤ ይኸው ነው። ጻፍኩት። ባለ ስድስት ዓምድ አደረግሁት። ይህንን ማንም አላዘዘኝም፤ በአራት ዓምድም ይበቃ ነበር።

አራሚያችን በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ጋሼ ነበር የምላቸው። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ገደማ ወረቀቱን ይዘው መጡና ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙ። ጣታቸውን ከርዕሱ የመጨረሻ ቃል ሥር አድርገው «‘ተመለሰች’ የሚለው ትክክል ነው?» አሉኝ። እኔ ቸኩያለሁ፤ ማተሚያ ቤት ይጠብቃል። አየሁትና «ጋሼ፣ ፊደሉ ትክክል ነው» አልኳቸው። «እሺ» ብለው ፈርመው ሄዱ።

በማግስቱ ነው ከሌላ ሰው የሰማሁት። ልጃቸው ከቤት ከወጣ ሦስት ቀኑ ነበር። አልተመለሰም።

ልጄ «ከዚያስ?» አለች። ከወር ከምናምን በኋላ መጣ አልኳት። ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ከስቶ መጣ። አባቱ በዚያ ወር አንድም ቀን ከሥራ አልቀሩም፤ በየሌሊቱ እየመጡ የእኔን ርዕሶች ፊደል ሲያርሙ ከረሙ። ስለዚያ ምሽት ተነጋግረን አናውቅም። እኔም ሥራውን ለቅቄ የወጣሁት በዚያ ሰሞን አይደለም፤ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቻለሁ።

«ስንት ዓመቱ ነበር?» አለችኝ።

«አሥራ ሰባት።»

አንድ አውሮፕላን በላያችን አለፈ፤ እስኪያልፍ ጠበቅን። ከዚያ ቁራጩን አጥፋ ወደ ቦታው መለሰችውና ሦስተኛውን ቡና ለእናቷ ልታግዝ ተነሳች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ሻንጣው ይከፈት አለች። ግን ስለ መሠረት ድንጋይ የሚያወራ ብቻ ፈልግልኝ አለችኝ። አላጣሁም፤ አርባ ሰባት አገኘሁ።